ባለ ሰባት ክሯ ጊታርና የታጠፈችው ጣት

ለታዴዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር ያለህበትን አላውቀው፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልቀጥል ደግሞ መዋሸት ይሆንብኛል። ከተለየኸኝ ዐሥር ወር ከሁለት ሳምንት ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። አኩርፌህ ነበር። ሴት የሞተ ባሏን ታኮርፋለች ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ታኮርፋለች። ቀብርህ ላይ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እኔ በሆዴ «ቆይ አንተ ሰው፣ ሂድ ብቻ» እል ነበር። አልቅሻለሁ፤ አላለቀስኩም አልልህም። ግን ከእንባዬ ግማሹ የንዴት ነበር።

ዛሬ ግን መጻፍ አለብኝ። ትናንት ቅዳሜ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ሙት በምን ይሰማል እንዳትለኝ፤ አንተ በቁምህም ቢሆን ያልነገርኩህን ሁሉ ታውቅ ነበር።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሩዙ እየታጨደ ነው። ዘንድሮ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውሃ በውሃ አድርጎት ከርሞ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዘንድሮስ አለቀልን ሲል እኔ ብቻ አልደነገጥኩም። ሩዝ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ መቆም ይወዳል እያልክ ስንት ዓመት ስትለፈልፍ ሰምቼ የለ? ውሃው ሲሸሽ ቀጥ ብሎ ቆመ። የታችኛውን ማሳ ለጎረቤት የእኩል ሰጥቼዋለሁ፤ ሩዙ ሲነሳ ጓያ ይዘራበታል። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ልጃችን ሕይወት ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች። በየሳምንቱ እየደወለች ብቻሽን አትሁኚ፣ ወደ እኔ ነይ ትለኛለች፤ እኔስ የት አባቴ እሄዳለሁ። መንገዱ እንደምታውቀው ነው፤ የጎንደሩም የደብረ ታቦሩም መኪና መገንጠያው ላይ ጡሩምባውን እየነፋ ያነጋል፣ ባጃጁማ ከዝንብ በዝቷል። ባርኔጣህ ከተሰቀለበት አልተነሳም። ካፖርትህንና ጫማህን ግን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጥቻለሁ። ጫማው ጠቦታል፤ ግን አድርጎት ይውላል።

ሳልሰጥ የቀረሁት ጊታርህን ነው። ጸቡም ያለው እሱ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሕይወት ታነበዋለች። እሷም ለምትወደው ሰው ሁሉ እንድታነብ ፈቅጃለሁ፤ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። ስለዚህ አንተ ከእኔ በላይ የምታውቀውን ነገርም አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ አትሰልች።

ከሩስያ የእርሻ ትምህርትህን ጨርሰህ ስትመጣ ሌላው ሬዲዮና ካፖርት ተሸክሞ ሲገባ፣ አንተ ባለ ሰባት ክር ጊታር አንግተህ ወረታ ገባህ። ያኔ ሩዝ እኛ ሜዳ ላይ ገና እንግዳ ነበር፤ አንተም የሩዝ ባለሙያ ተብለህ ተመደብክ። ሰዉ ሩዙንም ጊታሩንም እኩል ተጠራጠረ። ክራር ነው እንዳይሉት ክሩ በዛባቸው፣ በገና ነው እንዳይሉት አነሰባቸው። አባቴ ሳይቀሩ ዐይናቸውን አጥብበው ሁለት ጊዜ ቆጠሩትና «ሰባት ነው፤ ደግ ቁጥር ነው» አሉ። እኔን የዳሩልህ በዚያ ቁጥር ይመስለኛል።

በተጋባን ሰሞን አጠገብህ አስቀምጠህ ነገርከኝ። ሌላው ጊታር ስድስት ክር ነው፤ ድምፅ እንዲስማማ ጣት ይበዛበታል። ይቺ ግን የተቃኘችው ምንም ሳትጫኚ ከላይ እስከ ታች ብትዳስሻት ተስማምታ እንድትመልስልሽ ነው አልከኝ። ለትዝታ ቅኝትማ አምስት ድምፅ ነው የሚያስፈልገው፤ ሦስቱ ሳይነኩ እዚሁ ክሮቹ ላይ አሉ፣ የቀሩትን ሁለቱን አንገቷ ላይ ባለው ሁለተኛው የብረት መስመር አንድ ጣት ታገኛቸዋለች። አንቺ ሆዬ ግን አስቸጋሪ ናት፤ እሷ አራቱንም ጣት ትፈልጋለች አልከኝ። ያኔ አራቱም ነበሩህ። አንቺ ሆዬን ስትጫወት ጣቶችህ ሲራወጡ አይቼ፣ ይሄን ሰው ሌላ ሴት እንዳታየው ብዬ መስኮት የዘጋሁ ሰው ነኝ። ሳቅ፤ እውነቴን ነው።

ቅናቴን ታውቀዋለህ። እናቴም ታውቀው ነበር። የሰርጌ ዕለት ጉንጬን ስማ «ልጄ፣ ዐይንሽን ባልሽ ላይ አድርጊ እንጂ ባልሽ የሚያየው ላይ አታድርጊ» አለችኝ። ምክሯን ጠብቄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

እሱን ቀን እናንሳው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንተም አላነሳኸው፣ እኔም አላነሳሁት። በተጋባን በመጀመሪያው ኅዳር የአባቴ ሩዝ በደቦ ይታጨድ ነበር። አንተ ከቢሮ ወጥተህ፣ የማጨድ ልምድ ሳይኖርህ፣ ሰው እንዳይንቀኝ ብለህ ማጭድ ይዘህ ከጎኔ በቀኝ በኩል ገባህ። ከፊት ለፊታችን አንዲት የጎረቤት ልጅ ታጭድ ነበር፤ ጥርሷ ነጭ፣ አፏ የማያርፍ። «የሩስያው ሙሽራ እንደ ሴት ነው የሚያጭደው» ብላ ቀለደችብህ፤ አንተም ከት ብለህ ሳቅክላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላደረግክም። እኔ ግን ዐይኔ እሷ ጥርስ ላይ እንደተተከለ ማጭዴን ሰነዘርኩ። አንተ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ግራ እጅህን ወደ እኔ ረድፍ ዘርግተህ የወደቀውን ሩዝ ልታነሳልኝ ነበር። ልታግዘኝ!

ደሙን ሳይ ጮህኩ። አንተ ከእኔ ቀድመህ ማጭድህን ከመሬት አነሳህና ለተሰበሰበው ሁሉ «በራሴ ማጭድ ነው፣ በራሴ» አልክ። የማጨድ ልምድ የለህምና ሁሉም አመነ። ከዚያ ወዲህ በየደቦው «ወረቀት የለመደ እጅ ማጭድ ምን ያውቃል» እያሉ ሲስቁብህ አብረሃቸው ሳቅክ። ሠላሳ ዓመት አብረሃቸው ሳቅክ፣ ታዴ። ማጭዱ የእኔ እንደነበረ ለአባቴም፣ ለልጃችንም፣ ለነፍስ አባታችንም አልተናገርክም። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ጤና ጣቢያ ወስደን ተሰፋልህ፤ ቁስሉም ዳነ። ግን ጅማቱ ተቆርጦ ኖሮ የግራ እጅህ የቀለበት ጣት ወደ መዳፍህ ታጥፋ ቀረች፤ አልዘረጋ አለች። ቀለበትህን ወደ ቀኝ እጅህ አዛወርከው። ጊታሩን ሦስት ወር አልነካህም። እኔ በየቀኑ አቧራውን እጠርግለት ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ድምፅ ሰማሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። አራት ጣት ይሠራ የነበረውን በሦስት ለመሥራት እየታገልክ ነበር። ጠቋሚ ጣትህን ሰባቱም ክር ላይ ጋደም አድርገህ አስተኛሃት፤ በአንዲት ጣት ብቻ ሰባቱም ተስማምተው ጮኹ። ይህ በስድስቱ ክር ጊታር የማይሆን ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ያቺን ጊታር ያስመጣህ ለዚህ ቀን ኖሯል። ደግሞ አውራ ጣትህን ከጊታሯ አንገት በላይ አሳልፈህ ወፍራሟን ሰባተኛ ክር ከላይ ተጫንካት፤ የታጠፈችዋ ጣት የምትሠራውን አውራ ጣትህ ተረከበች። ቆይቶም ከአንድ የማሲንቆ ተጫዋች ማንሸራተት ተማርክ፤ ትንሿ ጣትህ መድረስ ያልቻለችበትን ድምፅ እየተንሸራተተች ታገኘው ጀመር። የማትፈልጋቸውን ክሮች ደግሞ ልክ ክራር መቺ እንደሚያደርገው በግራ ጣቶችህ እያፈንክ በቀኝህ ሰባቱንም ትገርፋቸው ነበር። ሰው ሁሉ «ታደለ ከሩስያ ያመጣው አመታት» ይለው ነበር። የምን ሩስያ! ከእኔ ማጭድ የመጣ ነው። አንቺ ሆዬን ግን ከዚያ ወዲያ ተጫውተሃት አታውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ሕይወት ገና እየዳኸች እያለ፣ እኔንም አስተምረኝ አልኩህ። አስታወስከው? ጊታሯን ወደ ደረትህ ስብ አደረግክና «አንቺ እጅሽን ስታስጠጊ የቀሩኝ ጣቶች ይፈራሉ» አልከኝ። ቀልድ ነበር። ባለፈ ነገር ላይ ለመሳቅ የሞከርክ መሰለኝ። እኔም ሳቅኩልህ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ሁለተኛ አልጠየቅኩህም። አንተም ሁለተኛ አላነሳህም። ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ስትጫወት እኔ ጓዳ ሆኜ አዳመጥኩ፤ የትኛው ድምፅ በየትኛው ጣት እንደሚወጣ በጆሮዬ ለየሁ። አንድም ቀን ግን ክር አልነካሁም።

ከዚያ ዝናሽ መጣች።

እህ፣ እዚህ ጋ ብዕሬ ይከብደኛል። ለማያውቃት ልንገረው፤ ዝናሽ ከአንበሳሜ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ቁመቷ ያማረ፣ ስትናገር ጭንቅላቷን ዘንበል የምታደርግ። ሰርግ ቤት ስትጫወት ሰምታህ በሳምንቱ ከበራችን ቆመች። «ጋሼ፣ እባክዎ ያስተምሩኝ» አለችህ። እኔ ከኋላህ ነበርኩ። እምቢ ይላታል ብዬ ነበር። አንተ ሆዬ «ቅዳሜ ከሰዓት ነይ» አልካት! ደሜ ፈላ። ለእኔ የተነፈገው ለአንበሳሜ ልጅ በአንድ ቃል ተሰጠ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ አልነበረም። ልወጣ እንዳልወጣ፣ ልቀመጥ እንዳልቀመጥ ሆኜ አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ ሩዝ በሰፌድ አድርጌ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጠጠር መልቀም። ሁለት ሰዓት ሙሉ! አንድ ጠጠር የሌለበትን ሩዝ እንኳ ለቅሜዋለሁ። ጠጠር ሲያልቅብኝ ከግቢ አምጥቼ ጨምሬበታለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ። ዐይኔ ሰፌዱ ላይ፣ ጆሮዬ እናንተ ላይ። ጣቷን ይዘህ ክሩ ላይ ስታስቀምጥላት ሰፌዱን አንገጫግጨው ነበር። «ጎበዝ» ስትላት አንጀቴ ይቃጠል ነበር። እኔን ጎበዝ ያልከኝ መቼ ነው? ድሮ ጎርፍ ቤታችን በገባ ጊዜ፣ ጥጃ ተሸክሜ ስወጣ፤ አንድ ጊዜ።

ልጅቷም ደግሞ ጥፋት አልነበረባትም፤ እሱ ነው የባሰው። ስትገባ ጉልበቴን ልትስም ታጎነብሳለች፣ ስትወጣ «እትዬ ጥሩ፣ አስቸገርኩዎት» ትላለች። ጥፋት ቢኖርባት እኮ እገላገል ነበር፤ ፊት ለፊት ተናግሬ አባርራት ነበር። ምን ብዬ ልናገር? ባሌ ጊታር አስተማረሽ ብዬ ልክሰሳት? ማፈኑን ቻለች፣ ማንሸራተቱን ቻለች። አውራ ጣቷን ከአንገቱ በላይ አሳልፋ ሰባተኛዋን ክር ስትጫን ከሰፌዴ ቀና ብዬ አየሁ። አንተ ነበርክ። ወጣት ሴት ሆነህ የተቀመጥክ ያህል አንተ ነበርክ።

ታመምክ። ስለ ሕመምህ አልጽፍም፤ አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አልችልም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሳለን እጄን ይዘህ «ጥሩዬ፣ ጊታሯን ለዝናሽ ስጫት» አልከኝ። ስለ እኔ የምትለው አለ ብዬ ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር፤ ያ ነበር ቃልህ። እሺ አልኩህ። ዐይንህን ከደንክ። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃና ስለ ትራስ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገርክም።

ዐርባህ ላይ ዝናሽ መጣች። ለተዝካሩ ስትሠራ ዋለች፣ ውሃ ቀዳች፣ ድንኳን አስተካከለች። ማታ ስትሰናበተኝ «ጊታሯን አንድ ጊዜ ልያት?» አለችኝ። ቃልህን አልሰማችም፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ሕይወት ወደ ባሕር ዳር ወስዳታለች» አልኳት። ዐይኔን ሳላርገበግብ። ጊታርህ በዚያች ሰዓት ከእህል ቤት፣ ከሩዝ ጆንያ ጀርባ ነበረች። አንገቷ እንዳይጎብጥ ክሮቿን አላልቼ፣ በጋቢህ ጠቅልዬ፣ ራሴ ነኝ የደበቅኳት። የሙት ቃል አጠፍኩ። ጾም ገባ፣ ፍስክ ሆነ፤ መቁረብ አልቻልኩም። ግን አልሰጥም አልኩ። ይቺስ አንዷ ለእኔ ትቅር አልኩ። መንካት ለማልችለው ነገር ዘብ ቆምኩ።

አሁን ወደዚህ ወር እንምጣ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍል ሠርቶ ለምርቃቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ሄድኩ። ዝናሽ ከተማሪዎቿ ጋር ልትጫወት ተነሳች። ስድስት ክር ጊታር ተውሳ፣ በአንተ ቅኝት ቃኝታ፣ በአንተ አመታት ትዝታ ጀመረች። ሰዉ «ታደለን ነፍሱን ይማረው» እያለ ከንፈሩን ሲመጥ እኔ እጇን አየሁ። ከፊት ወንበር ስለነበርኩ በደንብ አየሁ። የቀለበት ጣቷ ወደ መዳፏ ታጥፋለች። ታዴ፣ ያች ጣት ደህና ናት! ጤነኛ ናት! አጥፋ ይዛታለች። ወይ ጉድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሩዝ ስለቅም ጆሮዬ ሁሉን ሲሰማ ዐይኔ ይህችን አላየም፤ ጣት ድምፅ የላትምና።

መጀመሪያ ደም ነው ዐይኔን የለበሰው። ጣትህን ወሰደችብኝ! እኔ ያቆሰልኳትን፣ እኔ ያጠብኳትን፣ ክረምት ክረምት ሲቆረጥምህ በቅቤ ያሸሁልህን ጣት! ቀጥላ ደግሞ ሁለት ተማሪዎቿን አስነሳች፤ ዐሥር ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ልጆች። ተራ በተራ ጊታሩን ያዙ። ሁለቱም የቀለበት ጣታቸውን እጥፍ አደረጉ። አንዷ ስትረሳ ዝናሽ ጎንበስ ብላ «አጥፊያት» አለቻት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የጋሽ ታደለ አያያዝ እኮ ነው፤ በደንብ አስተምራቸዋለች» አለችኝ፤ ደስ ይበላት ብላ ነው።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የእነዚህ ሕፃናት እጅ ላይ የተቀመጠው የእኔ ማጭድ ነው። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር አንድ ጣት ይታጠፋል። ነገ እነሱም ያስተምራሉ፤ የወረታ ልጅ ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አንዲት ጣቱን ወደ መዳፉ ይደብቃል። በቅናት አንድ ጣት አጠፋሁ ብዬ ስኖር ስንት ጣት ላጠፋ ነው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር በልጆች እጅ ላይ ጨለመ።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጊታሩንም፣ ማጭዱንም። እሳቸውም «ልጄ፣ ጊታሩን ብትሰጪ የሱ ቃል ይፈጸማል። ማጭዱን ብትናገሪ አንቺ ታርፊያለሽ። ሁለቱን አታደባልቂያቸው፤ አንዱን አድርገሽ ሌላውን እንዳትተዪ» አሉኝ። ቀኖናም ሰጡኝ፤ እሱ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር።

ትናንት ዝናሽን አስጠራኋት። ደንግጣ መጣች፤ የታመምኩ መስሏት። ከእህል ቤት ጋቢውን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት። ገልጣ ስታያት እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ዋሽቼሽ ነበር አልኳት፤ ኑዛዜው ላንቺ ነበር፣ እኔ ነኝ የያዝኩት። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ክሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቀች መቃኘት ጀመረች፤ ከውስጧ የሩዝ ገለባ ብን እያለ ይወጣ ነበር። ተቃኝታ ስታበቃ አውራ ጣቷን አሳለፈች፣ የቀለበት ጣቷን አጠፈች።

ያኔ ነው ያወጣሁት። ዘርጊያት አልኳት። ዝርዝሩን ነገርኳት፤ ደቦውን፣ የሳቅክላትን ልጅ፣ ማጭዱን፣ ውሸትህን። ያቺ ጣት ቁስል እንጂ ዘዴ አይደለችም፤ ቁስሉም የእኔ ሥራ ነው አልኳት።

ዝናሽ እጇን እያየች ቆየች። ሸማኔ ወገቡ እንደሚጎብጥ የአንተም ጣት ከመጫወት ብዛት እንዲያ ሆና የቀረች፣ የጥበብህ ምልክት መስላት ነበር። ቀጥላ እንዲህ አለችኝ፤ «አንድ ቅዳሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠይቄያቸው ነበር እኮ። ጋሼ፣ ይህችን ጣት ማጠፍ ግድ ነው ወይ፣ ለምንድን ነው ብዬ። ወደ እርስዎ ዞረው አዩ። እርስዎ ሩዝ ይለቅሙ ነበር። ብዙ አዩዎትና በሹክሹክታ፣ እኔ እንዲህ ነው የለመድኩት አሉኝ።»

ታዴ፣ ይህን ስሰማ ያለሁበትን ረሳሁ።

አንተ ጣትሽን ዘርጊ ብትላት ለምን ትላለች፤ ለምን ስትል ማጭድ ይመጣል፤ ማጭድ ሲመጣ እኔ እመጣለሁ። ያቺ ጎበዝ የምትላት ተማሪህ፣ እርጅናህ ላይ ያገኘሃት፣ በጤና ጣቷ ሽባ ሆና ስትለፋ ሁለት ዓመት ዝም ብለህ አየሃት። እኔ እንዳልታወቅ! እኔ ጥግ ተቀምጬ በእሷ ስቃጠል አንተ እኔን ትጠብቅ ነበር። ከጊታሩም፣ ከተማሪዋም፣ ከትክክለኛው አመታትም እኔን መረጥክ። ኀጢአት ነው፤ የልጅቷን ሁለት ዓመት ነው የበላንባት፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ነፍስ አባታችን ይስሙኝ፣ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስፈልገው የነበረውን ከእሷው አፍ ሰማሁት።

ከዚያ ጣቷን ዘረጋች። መጀመሪያ እንደ ሕፃን እግር ተንቀጠቀጠች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳተች። ቆይታ አንቺ ሆዬን ጀመረች። ያቺን አራት ጣት የምትፈልገውን። ከኅዳሩ ደቦ ወዲህ በዚህ ቤት ተሰምታ አታውቅም። ምን ልበልህ፣ እንዲህ ጥርት አድርጋ፣ እንዲህ አድርጋ! ካንተ ትበልጣለች፤ እውነቱን መስማት አለብህ። ሰኞ ልጆቹንም ጣታችሁን ዘርጉ እላቸዋለሁ ብላኛለች። ማጭዱንም ለጠየቀ ሁሉ እንድትናገር ነግሬያታለሁ፤ ከእንግዲህ በማያውቀው ማጭድ ማንም እንዳይስቅብህ።

ስትሄድ ጊታሯን አዝላ ሄደች። መገንጠያው ድረስ ሸኘኋት። ባጃጅ ውስጥ ገብታ እጇን ስታወዛውዝልኝ አምስቱም ጣቶቿ ተዘርግተው አየኋቸው፤ ምንም አልቀናሁም።

አሁን ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። እደግስልሃለሁ፣ ስምህንም አስጠራለሁ፤ እሱ አያስጨንቅህ። የማልረሳህ ግን በድግስ አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ጊታር የሚጫወተውን ታደለን ነው፤ እሱን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ፣ ያስታውሱት። ያቺ የታጠፈች ጣት ከሌሎቹ ቀድማ ትቀዘቅዝ እንደነበር፣ ስትተኛ ብብቴ ስር አስገብተህ እንደምታሞቃት የማውቅ ግን እኔ ብቻ ነኝ። እሷን እስክመጣ ድረስ ለማንም አላካፍልም።

ከእንግዲህ እንዳንተ የሚመታ ሰው የለም፣ ታዴ። እኔም እንዲኖር አልፈልግም።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ
ወረታ